ዝም ብሎ መቀመጥን መማር

…እና ሰማያዊው ቀለም የበሩ ወገብ ላይ ሲደርስ አለቀበት። ሙንተሰር ጣሳውን ገልብጦ መታ መታ አደረገው፤ ጠብ የሚል የለም። ከወደብ ያገኘው የመርከብ ቀለም ስለሆነ ሱቅ ሄደሽ አትገዢውም። ከሰነበተ በኋላ ሌላ ጣሳ ይዞ መጣ፤ ሲከፍተው አረንጓዴ ሆነ። ምን ይደረግ፣ ቀባው። ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች አረንጓዴ። የሰፈሩ ሰው ባሌን «ይህ ባንዲራ የየትኛው አገር ነው?» ይለው ጀመር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ለልጅሽ በስልክ ስነግራት፣ በዓደን እንዲህ ያለ በር ያለው ቤት የኛ ብቻ ነው፣ ልሳሳት ብትይ እንኳ አትሳሳቺም አልኳት። ሳቀች። እንዴት እንደምትስቅ ታውቂያለሽ፤ መጀመሪያ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ከዚያ…

ከየት እንደጀመርኩ አየሽ፣ እትዬ። ሰላም ሳልልሽ የበር ቀለም ውስጥ ገባሁ።

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላህ፣ የእናቴ ልጅ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ ያብጥብሽ ነበር፤ ዘንድሮስ ተወሽ? ጓሮ ያለው ጉድጓድ ውሃ ያዘ? ጎረቤትሽ አዚዛ አሁንም እየመጣች ታጫውትሻለች? ይህን የምጠይቅሽ ለወግ አይደለም። አዚዛ ቅርብሽ መሆኗን ማወቅ እፈልጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ በርትቷል፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ሙንተሰር ወገቡን ያመዋል። ከዚህ ሌላ

ከዚህ ሌላ ብዬ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። መልሼ አነሳሁት።

ለምን እንደ ወትሮው እንደማልደውልልሽ ግራ ይገባሽ ይሆናል። በስልክ ድምፄ ይቀድመኛል። «የልጄ ወሬ አለ?» ትይኛለሽ። «ገና ነው እትዬ፣ ባሕሩ ሞገድ አለው ይላሉ፣ ሲረጋ ይሻገራሉ» ይላል ድምፄ፣ እኔ ሳላዘው። አውርተን ስንጨርስ ስልኩን በግንባሩ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ። ወረቀት ግን ቀስ ይላል። አንቺም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማርሽው ፊደል፣ በጣትሽ እየተከተልሽ ነው የምታነቢው። አባቴ ወደ አገሩ ወደ ዓደን ሲመለስ እኔን ይዞኝ መጣ፣ አንቺ ከእናታችን ጋር ሐርቡ ቀረሽ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ላይ ቀስ ብለን የሠራነው ነገር የለም። ይህን ደብዳቤ ቀስ ብለን እናንብበው።

ትምህርት መጀመሬን ነግሬሽ ነበር። በዚህ ዕድሜ ምን ትምህርት ነው ብለሽ ሳቅሽ። ኢርሻድ ነፍሲ ይሉታል፤ ልቡ የተጨነቀን ሰው ማማከር ማለት ነው። እኛ የምንማረው መግቢያውን ብቻ ነው። አንድ ማኅበር ኮርማክሳር ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ክፍል ተከራይቶ በሳምንት ሁለት ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ያስተምረናል። ከባሕር የሚወጡት ልጆቻችንና ሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ሲታመሙ ገላቸውን ሐኪም ያያል፣ የቀረውን የሚያይ የለም አሉ። አማርኛም ዐረብኛም የምትችል ሴት ሲፈልጉ እኔን አገኙ።

ሙንተሰር ዋናው ትምህርት መስማት ነው ስለው ሻዩ ትን አለው። «አንቺ? ሬዲዮኑ ዜናውን ሳይጨርስ መልስ የምትሰጪው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መሸፈኛዬን ሳደርግ ባየ ቁጥር «ዛሬም ዝም ማለት ልትማሪ ነው?» ይላል። እውነቱን ነው። የምንማረው እሱን ነው።

አስተማሪያችን ኡስታዛ ሻዲያ ትባላለች። የዓደን ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ መነጽሯን አሁንም አሁንም የምትጠርግ። በመጀመሪያው ቀን በዚህ ክፍል የተሰማ እዚህ ይቀራል አለችን፤ ባል አይሰማውም፣ እህት አትሰማውም። ምክር አትስጡ አለችን። ከሚያለቅስ ሰው ጋር ቀድማችሁ አታልቅሱ። ያልፋል አትበሉ፤ ማለፉን ማን ነገራችሁ?

እኔ መጥፎ ተማሪ ነበርኩ። ጥንድ ጥንድ ሆነን ስንለማመድ፣ አንዷ የሚያስጨንቃትን ትናገራለች፣ ሌላዋ ትሰማለች። ጓደኛዬ ገና አፏን ስትከፍት «ማዐሊሽ» እላለሁ፣ አይዞሽ። ኡስታዛ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «ማዐሊሽ ስትያት እጅሽን አፏ ላይ አደረግሽባት» አለችኝ። ቤቴ ገብቼም አልወጣልኝም። እትዬ፣ እኛ ያደግነው በአይዞሽ ነው። እናታችን እሳት ቢያቃጥለን አይዞሽ፣ አባት ቢሞት አይዞሽ። ሁላችንም እጅ አፋችን ላይ ተደርጎብን ኖሮ ይሆን? ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዚያ ደግሞ አይሆንም አልኩ፣ የእናቴ እጅ ሞቃት ነበር።

አሁን ስለ ሀዋዬ ልንገርሽ። ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ሀዋዬ የደጋን ልጅ ናት፣ እኛው ወሎ። ኮርማክሳር ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ለትምህርቱ ከሰዓቱን የፈቀደችላት ጁምዓ ዕረፍቷን እንድትተው ተስማምታ ነው። ገና ስታየኝ «ሐጃ» አለችኝ። መካ አልሄድኩም አልኳት። «ፊትሽ ሄዷል» አለች። ምላሷ እንዲህ ነው። ዐረብኛ ትችያለሽ ወይ ስትባል «የማውቀው ሁሉ አምጪና ውሰጂ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ለምን ሰበርሽው» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገለበጠችው። አንድ ቀን ኡስታዛ የሌላ ሰው ቦታ ገብታችሁ ተናገሩ ብትለን፣ ሀዋዬ ማዳሟን ሆነች። ወንበሩ ላይ ተለጥጣ ተቀመጠች፣ እጇን በሌለ ማራገቢያ አራገበች። «ይህች ሐበሻ በቅናት ብርጭቆዬን ትፈጃለች፤ እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት፣ ስሟ ማን ነበር?» አለች። ኡስታዛ ሻዲያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስለ ራሷ ግን ሀዋዬ አትናገርም። ተራዋ ሲደርስ ቀልድ ታመጣለች፤ ቀልዱ ሲያልቅ ውሃ ልጠጣ ብላ ትወጣለች።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ዝምታን ብቻ የምንለማመድበት። ወንበር ለወንበር ተጠጉ፣ ጉልበት ለጉልበት ሊነካካ እስኪደርስ፣ እጃችሁ ጭናችሁ ላይ ይሁን፣ አንድ ቃል እንዳይወጣችሁ፣ ሰውየው እስኪናገር ጠብቁ ተባልን። የእኔ ጥንድ ሀዋዬ ሆነች። እሷ ዘግይታ ስለገባች የተባለውን አልሰማችም። እኔ ደግሞ መጥፎ ተማሪ መባል ሰልችቶኝ ነበርና በደንብ ለመሥራት ቆርጬ ነበር። ሄጄ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ዓይኔን ዝቅ አደረግሁ። ዝም አልኩ።

እትዬ፣ አንቺ ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳልጽፈው ታውቂዋለሽ። በኛ አገር በዕድሜ የምትበልጥሽ ሴት፣ ሰላም ሳትልሽ መጥታ፣ ፊት ለፊትሽ ዝም ብላ ስትቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ። ለዓደኗ ኡስታዛ የዝምታ ልምምድ ነው። ለሀዋዬ መርዶ ነው።

መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ቀልድ ሊመጣላት ነበር። ከዚያ ፊቴን አየች። ከዚያ እጄን። «ማን ነው?» አለችኝ። እኔ ትእዛዙን እንደ ሞኝ ይዤ ዝም። «እናቴ ናት?» አለች። ሻርቧን ከራሷ ላይ አወለቀች፣ ደረቷን ያዘች፣ «ኢናሊላሂ» አለች፣ ከወንበሩ ወደ መሬት ወረደች። ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ያን ጊዜ ትእዛዙንም ረሳሁ፣ ትምህርቱንም ረሳሁ፣ ወርጄ አቀፍኳት። ማንም አልሞተም ሀዋዬ፣ ልምምድ ነው፣ ማንም አልሞተም እላታለሁ። «በኛ አገር እንዲህ ለልምምድ አይቀመጥም» አለችኝ። አላመነችኝም፤ ቤቷ ደውለን የእናቷን ድምፅ እስክትሰማ አላመነችኝም።

ኡስታዛ ሻዲያ መነጽሯን አውልቃ ቆማለች። ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ፣ አላወቅሁም፣ አላወቅሁም አለች። ሌሎቹን አስወጥታ ሁለታችንን ተወችን።

ሀዋዬ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቀረች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ፊት ለፊቷ ሳይሆን ጎን ለጎን። ምንም አላልኳት። በዚያች ሰዓት የምለው ጠፍቶኝ እንጂ ጎበዝ ሆኜ አይደለም። ትንሽ ሳቀች። ከዚያ «እኔም ያላደረስኩት መርዶ አለ» አለች።

ከዚህ በኋላ የተናገረችውን አልጽፍም። የሰማሁት በዚያ ክፍል ነው። ወሬው የሷ ነው። ግን ከተናገረችው ውስጥ አንድ የኔ የሆነ ነገር አለ፣ እሱን እጽፈዋለሁ።

ባሕሩን ስትሻገር ጀልባው ላይ አብራት የነበረች አንዲት ልጅ የአንድ ቤት መንገድ እየደጋገመች ታጠና ነበር አለችኝ። ፈርታ ነው፤ እንደ ዚክር ትለዋለች፤ ከማለቷ ብዛት ሀዋዬም ሳታስበው ያዘችው። ከዚያም ሀዋዬ ዓይኗን ጨፍና አለችው፣ በልጅቱ ድምፅ።

«ወደ ተዋሂ የሚሄደውን ደባብ ታክሲ ያዢ። ቃሉዓ ሲደርስ ዐላ ጀንብ በይው፣ ያወርድሻል። ዳቦ ቤቱን በቀኝ ተይው። ደረጃውን ውጪ። በሩ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች አረንጓዴ ነው። አንኳኪና አትጠብቂ፣ ግቢ።»

እትዬ፣ ይህን ያልኳት እኔ ነኝ። አንኳኪና አትጠብቂ ያልኳት እኔ ነኝ።

ፊቴ እንዳይለወጥ ያዝኩት። ኡስታዛ ብታየኝ ያን ያህል ጎበዝ ተማሪ ሆኜ አላውቅም። ሀዋዬ የቀረውን እስክትጨርስ አንድ ጡንቻ አላንቀሳቀስኩም። ዳርቻው መታየት ጀምሮ ነበር፣ መብራት ሁሉ ይታይ ነበር፣ አሻጋሪዎቹ ግን ውረዱ አሉ፣ ውሃው ገና

ይቅር በይኝ። አልጽፍም ብዬ ነበር።

ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። በሩን ግን አስታውሳለሁ። እንደ እንግዳ ቆሜ አየሁት። ለልጅሽ ያዘጋጀሁት አልጋ ሰገነቱ አጠገብ ነው፣ ንፋስ የሚገባበት ቦታ። አንሶላውን በየሳምንቱ እያጠብኩ እመልሰው ነበር። ሙንተሰር አየኝ። ዛሬ ምን ተማርሽ አላለኝም።

በሚቀጥለው ጊዜ ኡስታዛን ለብቻዋ አገኘኋት። ስም ሳልጠራ ጠየቅኋት፤ አንዲት ሴት አንድ ነገር ሰምታ፣ ያ ነገር የሌላ ሰው ሕይወት ቢሆን፣ ያ ሰው ደግሞ በየቀኑ በር በሩን እያየ ቢሆን፣ ምን ታድርግ? «የተናገረችው ልጅ ካልፈቀደች አትችልም። የቻልሽ ቢመስልሽም የምታደርሺው ወሬውን ብቻ ነው። ያየችው እሷ ናት» አለችኝ። ከዚያ መነጽሯን ጠረገችና «አንቺንስ ማን ይሰማሻል?» አለችኝ። ሁሉን የምነግራት እህት አለችኝ አልኳት።

በዚያው ማታ ደውለሽ ወሬ አለ አልሽኝ። ገና ነው አልኩሽ።

ሀዋዬን ከትምህርት ስንወጣ ጠብቄ አገኘኋት። አውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ ስር ቆመናል፣ እሷ ስለ ማዳሟ አዲስ ቀልድ ጀምራለች። እኔ የምኖረው ቃሉዓ ነው አልኳት። ቀልዷን ቀጠለች። ዳቦ ቤቱ ጋ ነው የምወርደው አልኳት። አቆመች። ስለ በሩ አልነገርኳትም፤ አላስፈለገም። ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሐጃ፣ ፊትሽ ያን ቀን ምንም አልተለወጠም።» ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ አሁን አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ ትምህርት አልመጣችም። ኡስታዛ ወንበሯን ባዶ ተወችው፣ ማንንም አታስቀምጥበትም። እኔ ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ስቀመጥ ሰነበትኩ።

ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የሚያንኳኳው ሰው አልጠበቀም፣ ገፋ አድርጎ ገባ። ሀዋዬ ናት። ቦርሳ ይዛለች። የኹሩጅ፣ የመውጫ ወረቀቷ ወጥቶላት አገሯ መግባቷ ነው፣ አውሮፕላኗ ዛሬ ነው። ደፍ ላይ ቆማ የበሩን ታች ጎን በመዳፏ ነካችው፣ እውነት አረንጓዴ መሆኑን እንደሚያጣራ ሰው። ማንንም ሳልጠይቅ መጣሁ አለች። «ዳቦ ቤቱ ብቻ ተዘግቷል። የቀረው ሁሉ እንዳለችው ነው።»

ሻይ ሰጠኋት። አልጠጣችውም። እንጀራ በወጥ አቀረብኩላት፣ ሁለት ጉርሻ በላች። ሙንተሰር ታክሲ ሊጠራ ወርዷል። ከአዲስ አበባ ወደ ደጋን ስትሄጂ አውቶቡሱ ሐርቡን ሳያልፍ አይሄድም አልኳት። አውቃለሁ አለች። ሐርቡ ትወርጂያለሽ ወይ አልኳት። ኢንሻአላህ አለች። ኢንሻአላህ ስንት ዓይነት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ እትዬ። የትኛው እንደሆነ ከድምፅዋ ልለየው አልቻልኩም፤ ይህን ያህል ጊዜ መስማት ተምሬ። ከዚያ ደብዳቤ ልጻፍልሽ፣ ይዘሽላት ሂጂ አልኳት። ሰዓቷን አየች። መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ ይህን ስታነቢ ያመጣችልሽ ልጅ ፊት ለፊትሽ ተቀምጣለች። አሁን የማዝሽን አድርጊ፤ እኔ ታናሽሽ ነኝ፣ አንቺን ማዘዝ አይገባኝም፣ ለዛሬ ግን ፍቀጂልኝ። አዚዛን ጥሪያት። ብቻሽን አትሁኚ። በሩን ክፍት አድርጊው፣ ሰው ይግባ። ሀዋዬን መጀመሪያ እግሯን አሳጥቢያት፣ ረጅም መንገድ መጥታለች፤ ከአውቶቡሱ በፊት ያለውን መንገድ ማለቴ ነው። ምንም አትጠይቂያት። ዝም ካለች አብረሽ ዝም በይ። ቀልድ ብታመጣ ሳቂላት፣ ቀልዱ ሲያልቅ ጠብቂያት። ውሃ ልጠጣ ብላ ብትነሳ ውሃውን አንቺ አምጪላት። መናገር ስትጀምር አይዞሽ አትበያት። እጅሽን ግን ስጫት። ይህን ኡስታዛ አላስተማረችኝም፣ እናታችን ናት።

ከጨረሰችም በኋላ አትርገሚያት፣ እትዬ። ልጅሽን እጇን ይዛ አብራት የነበረችው እሷ ናት። እንዲያው ልመና ነው።

እኔ ከዚህ ሆኜ ከአንቺ ጋር ነኝ። አንሶላውን ዛሬ አጠብኩት፤ እንደ ገና ላንጥፈው ወይስ ላጥፈው፣ አንቺ እስክትነግሪኝ ገመዱ ላይ ይቆያል።

አላህ ልብሽን ሰፊ ያድርገው። ጉልበትሽን ያጽናው። ጓሮሽ ውሃ አይጣ። የሚያስተክዝሽ ሁሉ ካንቺ ጋር የሚያለቅስ ሰው ይዞ ይምጣ፣ ብቻውን አይምጣብሽ። አዚዛን ሰላም በይልኝ። እናታችን የተኛችበት አፈር ይቅለላት፣ ስትሄጂ በኔም ስም ውሃ አርከፍክፊ።

ባሕር ማዶ ያለችው ታናሽሽ

አንድ ነገር ረሳሁ። ሻል ልልክልሽ ነበር፣ ጥቁሩን ሳይሆን ነጩን፤ የትኛውን እንደምልክ ስመርጥ ቆየሁና ሁለቱንም ተውኩት። ታች የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። ሙንተሰር ይመስለኛል፣ ሁለቴ ነፋ። አፍታ ጠብቂኝ አልኳት፣ ማጠፍ ብቻ ነው የቀረኝ። ሀዋዬ ተነስታለች። ሻርቧን እያስተካከለች አልጋውን አየች፣ ሰገነቱ አጠገብ ያለውን፣ አንሶላ የሌለውን። እጇን ለደብዳቤው የምትዘረጋ መስሎኝ ቀና አልኩ። ቦርሳዋን አነሳች

በሩ ተዘጋ። ደብዳቤው እጄ ላይ ቀረ።